ሬዲዮውን ስጨምር ሞዴሉ ለምን ይፈርሳል? ጂአርቢ 130427ኤ፣ ከሬዲዮ እስከ ጋማ

ኮከብ_ቆጣሪዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ።

የማስተርስ ሥራዬ የጋማ ሬይ ፍንዳታ (ጂአርቢ) አፍተርግሎው ላይ ነው። ዋናው የጋማ ብልጭታ ካለፈ በኋላ በኤክስሬይ፣ በኦፕቲካልና በሬዲዮ ለቀናት፣ ለወራት የሚቆየው ብርሃን ማለቴ ነው። አማካሪዬ ጂአርቢ 130427ኤን መረጠልኝ። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 27 ቀን 2013 የታየው ነው። ሬድሺፍቱ (የርቀቱ መለኪያ) 0.34 ነው፤ ለእንዲህ ዓይነት ፍንዳታ ጎረቤት ማለት ነው። በዚያ ላይ እጅግ ደማቅ ነበር። ፌርሚና ስዊፍት የተባሉት የጠፈር ቴሌስኮፖች አይተውታል፣ ከመሬት ደግሞ ቴሌስኮፕ ያለው ሁሉ ፊቱን አዙሮበታል። ስለዚህ ዳታ አነሰኝ ብዬ ማማረር አልችልም።

የምጠቀመው አፍተርግሎውፓይ የተባለውን የሞዴል ኮድ ነው፣ ሳምፕለሩ (ለዳታው የሚስማሙትን ቁጥሮች የሚፈልገው) ኢምሲ። ኤክስሬይና ኦፕቲካሉን ብቻ ስሰጠው ያምራል። መስመሩ ነጥቦቹ ላይ ቁጭ ይላል። ከዚያ ሬዲዮውን እጨምራለሁ፤ በቃ፣ ሁሉም ነገር ይበላሻል። ዳታው በመጀመሪያው ቀን ውስጥ ከፍ ብሎ ታይቶ መውረድ ሲጀምር ሞዴሉ ገና ሽቅብ እየወጣ ነው። ሳምፕለሩ ሬዲዮውን ለማስደሰት ሲሞክር ኤክስሬዩን ያበላሻል፣ ኤክስሬዩን ሲጠብቅ ሬዲዮው ይቀራል፣ እኔም መሀል ላይ ተቀምጬ አያለሁ።

ሌላው ነገር ፖስቴሪየሩ፣ ማለትም ሳምፕለሩ የሚመልሰው የሚቻሉ ቁጥሮች ስርጭት ነው። የአካባቢው ጋዝ እፍጋትና ኢፕሲሎን-ቢ (ወደ ማግኔቲክ ፊልዱ የሚገባው የኃይል ድርሻ) ተያይዘው ረጅም ጠማማ ቅርጽ ይሠራሉ። እፍጋቱ ሄዶ የፕራየሩ (አስቀድሜ የፈቀድኩለት ክልል) ጠርዝ ላይ ይለጠፋል። ጠርዙን ወደ ታች ሳሰፋለት ደግሞ ተከትሎ ይወርዳል።

የላብ ጓደኛዬ «ሬዲዮውን ተይው፣ ማን ያይብሻል» ይለኛል። አማካሪዬ ግን «በብዙ የሞገድ ርዝመት» የሚለው ርዕሱ ላይ ነው፣ ይቆያል ብለዋል። ምን ትመክሩኛላችሁ? ችግሩ ኮዱ ላይ ነው ወይስ ፊዚክሱ ላይ? የፌርሚን የጂኢቪ (ቢሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት) ዳታስ ብጨምር ይረዳኛል ወይስ ከድጡ ወደ ማጡ ነው?


የጥንት_ተማሪ፦

ሬዲዮውን አትተዪው። ጓደኛሽ የመከረሽ አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ የሚባለውን ነው፤ ፈታኙ መጀመሪያ የሚጠይቅሽ እሱኑ ነው።

በመጀመሪያ ግን ኮዱን ለጊዜው ዝጊው። ወረቀትና እርሳስ ያዢ። ሰው ሁሉ ሳምፕለር ካገኘ ወዲህ በእጅ ማስላት ቀርቷል፣ እኔን የሚያበሳጨኝ እሱ ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። ከፍንዳታው የሚወረወረው ጄት ወደ አካባቢው ጋዝ ሲገባ ከፊቱ ሾክ (የግፊት ማዕበል) ይፈጥራል። ሾኩ ኤሌክትሮኖችን ያፈጥናል፣ ማግኔቲክ ፊልዱንም ያጠነክራል፣ ኤሌክትሮኖቹ በፊልዱ ውስጥ ሲሽከረከሩ ሲንክሮትሮን የሚባለውን ብርሃን ይለቃሉ። ሳሪ፣ ፒራንና ናራያን በ1998 እንዳሳዩት ስፔክትረሙ የተቀጣጠሉ ቀጥ ያሉ መስመሮች ናቸው። ማጠፊያዎቹ ሦስት ናቸው፦ ብርሃኑ በራሱ የሚዋጥበት ኑ-ኤ፣ አብዛኞቹ ኤሌክትሮኖች የሚያበሩበት ኑ-ኤም፣ ኤሌክትሮኖቹ ኃይላቸውን ቶሎ የሚጨርሱበት ኑ-ሲ። በእነዚህ ላይ የጫፉ ቁመት ሲጨመር አራት ነገር ትለኪያለሽ። የምትፈልጊውም አራት ነው፦ ኃይሉ፣ እፍጋቱ፣ ኢፕሲሎን-ኢ (ወደ ኤሌክትሮኖቹ የሚገባው የኃይል ድርሻ) እና ኢፕሲሎን-ቢ። ፒን፣ የኤሌክትሮኖቹን የኃይል ስርጭት ስሎፕ፣ ከስፔክትረሙ ስሎፕ ታገኚዋለሽ።

አሁን ኤክስሬይና ኦፕቲካልሽ የት እንዳሉ እዪ። ሁለቱም ከኑ-ኤም በላይ፣ ከኑ-ሲ በታች፣ እዚያው አንድ መስመር ላይ ከተቀመጡ ሁለቱ ሆነው የሚነግሩሽ አንድ ቁመትና አንድ ስሎፕ ብቻ ነው። አራት የማይታወቅ ነገር በአንድ ቁመት አይፈታም። እፍጋቱ ጠርዝ ላይ የሚለጠፈው ለዚህ ነው። ሳምፕለሩ አልተበላሸም፤ የሚያውቀው ነገር ስለሌለ ነው የሚንከራተተው። ኑ-ኤንና ኑ-ኤምን ሊያሳይሽ የሚችለው ሬዲዮው ነው፣ አንቺ ደግሞ ልታወጪው እያሰብሽ ነው!

ሁለተኛ፣ የኤክስሬዩን ስሎፕ በእጅሽ ፈትሺ። የዚህ ፍንዳታ ኤክስሬይ ከ47 ሺህ ሰከንድ ጀምሮ እስከ 80 ሚሊዮን ሰከንድ ድረስ፣ ማለትም ሁለት ዓመት ተኩል ገደማ፣ በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ነው የወረደው። በጊዜ የሚወርድበት ስሎፕ 1.31 ነው። የስፔክትረሙ ስሎፕ 0.8 አካባቢ ነው። እንግዲህ አስይ። አካባቢው እኩል የተሰራጨ ጋዝ ከሆነና ከኑ-ሲ በታች ካለን የጊዜው ስሎፕ 1.5 ሲባዛ በ0.8፣ ማለትም 1.2 መሆን አለበት። አካባቢው የኮከቡ ነፋስ ከሆነ፣ እፍጋቱ በርቀት ስኩዌር እየቀነሰ ሲሄድ፣ በዚያ ላይ 0.5 ይጨመርና 1.7 ይሆናል። ከኑ-ሲ በላይ ከሆንን ደግሞ በሁለቱም አካባቢ 0.7 ነው። ዳታው 1.31 ይላል። ከሦስቱ አንዱም አይደለም። ከእኩሉ ጋዝ ጋር ይቀራረባል እንጂ አይገጥምም።

«0.1 ልዩነት ምን አላት» እንዳትዪ። ከ47 ሺህ እስከ 80 ሚሊዮን ሰከንድ ጊዜው ከ1,700 እጥፍ በላይ ነው የሚያድገው። በዚያ ርዝመት የ0.11 ልዩነት ብርሃኑን ከሁለት እጥፍ በላይ ያሳስተዋል። ሎግ-ሎግ ግራፍ ላይ ሁሉም ነገር ያምራል። ሬዚጁዋሉን፣ ከዳታው ላይ ሞዴሉ ሲቀነስ የሚተርፈውን፣ ለብቻው ሳይው ነበር የምትዪውን የማምነው።

ሦስተኛ፣ መሣሪያሽ የሚችለውንና የማይችለውን እወቂ። አፍተርግሎውፓይ ለጄቱ ቅርጽና ከጎን ለሚታዩ ጄቶች አሪፍ ነው፣ የተሠራውም ለዚያ ነው። ግን ወረቀቱ ላይ እንደቀረበው እኩል የተሰራጨ ጋዝ ብቻ ነው የሚያውቀው። የኮከብ ነፋስ የለውም። ሪቨርስ ሾክ (ወደ ጄቱ የሚመለሰው) የለውም። የብርሃን በራሱ መዋጥም የለውም። ሬዲዮሽ ላይ ያለው ጉድ ከእነዚህ ከአንዱ ወይም ከሁሉም የመጣ ከሆነ የሌለውን ከየት ያምጣልሽ?

ለማንኛውም ዩኒቱንም እዪው። ኮዱ ሰከንድና ሄርዝ ይቀበላል፣ ሚሊጃንስኪ (የብርሃን መጠን በአንድ ፍሪኩዌንሲ) ይመልሳል። የስዊፍት ኤክስሬይ ብዙ ጊዜ የሚወርደው ከ0.3 እስከ 10 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት በተደመረ ፍለክስ ነው። ወደ አንድ ፍሪኩዌንሲ ሳይቀየር የገባ ከሆነ ቀሪው ክርክራችን ሁሉ ዋጋ የለውም።


ሞገድ_አዳኝ፦

ከላይ የተባለው ላይ ልጨምር፤ ሬዲዮ የኔ ሰፈር ስለሆነ።

የመጀመሪያው ቀን ጉብታሽ ስሙ ሪቨርስ ሾክ ነው፣ ይህ በዚህ ፍንዳታ ላይ የታወቀ ነገር ነው። ጄቱ ጋዙን ሲገፋ ጋዙም መልሶ ይገፋዋል። ስለዚህ አንድ ሾክ (ፎርዋርዱ) ወደፊት ወደ ጋዙ ሲሄድ ሌላው ወደኋላ ወደ ጄቱ ቁስ ይገባል። ወደኋላ የሚሄደው ብዙ ኤሌክትሮን ያገኛል፣ ግን እያንዳንዱ ኤሌክትሮን የሚደርሰው ኃይል ያነሰ ነው። ብዙ ሆነው ዝቅ ባለ ፍሪኩዌንሲ ያበራሉ። መጀመሪያ ኦፕቲካል ላይ ብልጭ ይላል፣ ከዚያ ቁሱ እየሰፋና እየቀዘቀዘ ሲሄድ ያው ብርሃን ወደ ሬዲዮ ይወርዳል።

ጂአርቢ 990123ን አስታውሺ። በ1999 ሮትሲ የሚባለው ትንሽ ካሜራ ፍንዳታው ገና ሳያልቅ 9ኛ ማግኒቲዩድ ገደማ (ቁጥሩ ባነሰ መጠን ይደምቃል) የሆነ ብልጭታ ያዘ፣ በማግስቱ ሬዲዮው ላይ አጭር ጉብታ መጣ። በ130427ኤም ታሪኩ ይመሳሰላል። ራፕተር የተባለው ካሜራ ያየው ብልጭታ 7ኛ ማግኒቲዩድ ደርሷል። በቢኖኩላር ይታይ ነበር ማለት ነው፣ ያውም ከ3 ቢሊዮን ዓመት በላይ ተጉዞ የመጣ ብርሃን! ከዚያ ሬዲዮው በመጀመሪያው ቀን ከፍ ብሎ ወረደ። ሬዲዮውን በቁም ነገር የያዙት ሞዴሎች የደረሱበት ሁለት ሾክ ያስፈልጋል የሚል ነው፤ መጀመሪያ ላይ ሬዲዮውን ሪቨርሱ ይይዛል፣ ኋላ ላይ ፎርዋርዱ ይረከበዋል። አካባቢውንም ሳሳ ያለ የኮከብ ነፋስ ነው ብለዋል። ጋሼ ከላይ 1.7 ብለው የጣሉት ነፋስ መሆኑ ነው፤ ስለዚህ ነገሩ ገና አልተዘጋም።

አንቺ በአንድ ሾክ ሁለቱንም ጉብታ እንዲሸከምልሽ ነው የጠየቅሽው።

አሁን ወደ ተግባሩ። የመጀመሪያዎቹን የሬዲዮ ነጥቦች እንዳለ አትመኛቸው። የኛ ጋላክሲ ውስጥ ያለው ፕላዝማ በጣም ትንሽ የሆነን የሬዲዮ ምንጭ ያርገበግበዋል። ምንጩ ሰፋ ሲል መርገብገቡ ይረጋል። በ1997 በጂአርቢ 970508 ላይ ይኸው ሆነ፤ ሬዲዮው ለሳምንታት ሲዘል ቆይቶ ረጋ፣ ከዚያም ምንጩ ወደ ብርሃን ፍጥነት በተጠጋ ፍጥነት እየሰፋ እንደሆነ ታወቀ። ፋየርቦል የሚባለው ሐሳብ እውነት እንደሆነ ካሳመኑ ነገሮች አንዱ ነው። ላንቺ ግን ትርጉሙ ሌላ ነው፤ ከ10 ጊጋሄርዝ በታች ያሉት የመጀመሪያ ነጥቦች ላይ የታተመው ኤረር ባር የመሣሪያውን ጫጫታ ብቻ ነው የሚይዘው፣ መርገብገቡን አይዝም። የራስሽን ተጨማሪ ስህተት ጨምሪበት፣ ካልሆነም እንደ አንድ ፓራሜትር አስገብተሽ ሳምፕለሩ ይወስን።

ደግሞ የነጥቦቹን ብዛት ቁጠሪ። የስዊፍት ኤክስሬይ በመቶዎች ነው፣ ሬዲዮሽ ቢበዛ በአሥሮች። ካይ-ስኩዌር (የሞዴሉና የዳታው ልዩነት ድምር) ውስጥ ሁሉም ነጥብ አንድ ድምፅ አለው። ሺህ ሰው በአንድ ወገን፣ ሃያ ሰው በሌላው ወገን አሰልፎ «እጅ አውጡ» እንደማለት ነው፤ ውጤቱ አስቀድሞ ታውቋል። ኤክስሬዩን በጊዜ ሰብሰብ አድርጊው፣ ለእያንዳንዱ መሣሪያም ለብቻው የሲስተማቲክ ስህተት ስጪው። የሁለት መሣሪያ ካሊብሬሽን ብቻውን በ10 በመቶ ሊለያይ ይችላል፣ አንቺ ደግሞ 2 በመቶ ኤረር ባር ይዘሽ ሞዴሉን ታስጨንቂዋለሽ።

የብርሃን መዋጡንም አትርሺ። ሪቨርስ ሾኩ በዝቅተኛው ሬዲዮ መጀመሪያ ላይ ራሱን ይውጣል። ይህንን የማያውቅ ኮድ ዝቅተኛው ፍሪኩዌንሲ ላይ ካለው በላይ ይተነብያል። ቦክስፊት የሚባለው ሌላ ኮድ መዋጡ አለው፣ ግን ሪቨርስ የለውም። ለሪቨርሱ በፓወር ሎው የተጻፈ ቀላል ሞዴል ራስሽ ብትሠሪ ይሻላል፤ ከባድ አይደለም፣ አንድ ጫፍ፣ ሁለት ብሬክና ከጊዜ ጋር የሚሄዱበት ስሎፕ ነው።


ኮከብ_ቆጣሪዋ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ በተለይ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዩኒቱን አይቼዋለሁ፣ ኤክስሬዩ በ1 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት፣ በ2.4 ሲባዛ 10^17 ሄርዝ ነው የገባው። እሱ ደህና ነው።

ሬዚጁዋሉን ለብቻው አወጣሁት፤ እንዳሉት ነው። መጀመሪያ ላይ ሞዴሉ ከዳታው በታች፣ መጨረሻ ላይ በላይ ነው። ዘንበል ያለ ቀጥ መስመር። ሎግ-ሎጉ ላይ ጭራሽ አይታይም ነበር።

የጂኢቪውን ጥያቄዬን ግን ማንም አልመለሰልኝም። አማካሪዬ «ፌርሚ ላይ ያለው ዳታ ነው ይህንን ፍንዳታ ዝነኛ ያደረገው» ይላሉ። ልጨምረው?


ሌሊት_ፈረቃ፦

እኔ ልመልስ፣ የምሠራው በከፍተኛው ኢነርጂ በኩል ነው።

አጭሩ መልስ፦ መጀመሪያው ዙር ላይ አትጨምሪው። ረጅሙ መልስ ይኸውና።

ፌርሚ ከዚህ ፍንዳታ አራት ደቂቃ ገደማ ላይ 95 ጂኢቪ የሆነ አንድ ፎቶን ያዘ። ይኼ ብቻ ቢሆን «የመጀመሪያው ግርግር ነው» ብለን እናልፈው ነበር። ከዘጠኝ ሰዓት በላይ ቆይቶ ግን ሌላ 32 ጂኢቪ ፎቶን መጣ። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ሾክ ኤሌክትሮንን ሲያፈጥን ኤሌክትሮኑ ደግሞ ሲንክሮትሮን እየለቀቀ ኃይሉን ያጣል። ሁለቱ ሲመጣጠኑ የሚለቀው ብርሃን ከቁሱ ጋር አብሮ ለሚሄድ ተመልካች ከ100 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ብዙም አያልፍም። ማግኔቲክ ፊልዱ ቢጠነክርም ቢደክምም ወሰኑ ያው ነው፤ ደስ የሚለው ነገሩ ይሄ ነው። ለኛ ሲደርስ ብቻ በሎሬንትዝ ፋክተሩ (ፍጥነቱ ለብርሃን ፍጥነት ምን ያህል እንደተጠጋ የሚለካ ቁጥር) ይባዛል፣ በ1 ሲደመር ሬድሺፍቱ ይካፈላል። እንግዲህ 32 ጂኢቪን በሲንክሮትሮን ለማግኘት ሎሬንትዝ ፋክተሩ ከ400 በላይ መሆን ነበረበት። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ግን ሾኩ ፍጥነቱን ጥሎ ሎሬንትዝ ፋክተሩ አሥር ቤት ነው፣ ሃያ፣ አርባ ብትዪ። አሥር እጥፍ ይጎድለናል።

ስለዚህ ሁለት ሰፈር አለ። አንደኛው «ኢንቨርስ ኮምፕተን ነው» ይላል፤ ኤሌክትሮኖቹ ራሳቸው የለቀቁትን የሲንክሮትሮን ብርሃን መልሰው መትተው ወደ ላይ ያወጡታል። ሁለተኛው ሰፈር ናስታር የተባለውን የኤክስሬይ ቴሌስኮፕ ይጠራል። ናስታር ይህንን ፍንዳታ በ1.2 ቀንና በ4.8 ቀን ላይ እስከ 79 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት አየው። የናስታር ነጥቦች ከኦፕቲካሉም ከፌርሚውም ጋር ሲገናኙ አንድ ነጠላ የሲንክሮትሮን ስፔክትረም ይበቃል፣ ሌላ ጉብታ አያስፈልግም የሚል ውጤት ወጣ። ያ እውነት ከሆነ ወሰኑ ራሱ ላይ ነው ጥያቄው። ቬሪታስ የተባለው የመሬት ጋማ ቴሌስኮፕ ከ20 ሰዓት ገደማ በኋላ ፈልጎ ምንም አላገኘም፣ የላይኛ ገደብ ብቻ ነው የሰጠው፤ ክርክሩን ሊዘጋ የሚችለው እሱ ነበር፣ ግን ዘግይቷል።

ከዚያ ወዲህ ሁለቱም ሰፈር የየራሱን ድል አግኝቷል። ጂአርቢ 190114ሲን ማጂክ የተባለው ተመሳሳይ ቴሌስኮፕ ከፍንዳታው አንድ ደቂቃ ገደማ በኋላ ያዘው፣ እስከ 1 ቴራ ኤሌክትሮን ቮልት ድረስ። ስፔክትረሙ ላይ ሁለት ጉብታ አለ፣ አንዱ ሲንክሮትሮን፣ ሌላው ኢንቨርስ ኮምፕተን፣ እንደ መጽሐፍ። በዚያው ዓመት ጂአርቢ 190829ኤ መጣ፤ ናሚቢያ ያለው የሄስ ቴሌስኮፕ ለሦስት ሌሊት ተከታተለው። ሬድሺፍቱ 0.08 ገደማ ብቻ ነው፣ ስለዚህ መንገድ ላይ ያለው የጋላክሲዎች ብርሃን ቴራውን ብዙ አልበላበትም። ሲታይ የቴራው ስፔክትረም ስሎፕ ከኤክስሬዩ ጋር አንድ ዓይነት፣ ሁለቱም በጊዜ አብረው ይወርዳሉ። ቀላሉ ኢንቨርስ ኮምፕተን እዚያ ኢነርጂ ላይ ሲደርስ ክላይን-ኒሺና የሚባለው ነገር ስለሚያዳክመው ስሎፑ ቁልቁል መሆን ነበረበት። አልሆነም። አሁንም ይከራከራሉ።

ይህንን ሁሉ የምነግርሽ ጂኢቪው ላንቺ ያልተፈታ ጥያቄ ስለሆነ ነው። ገና ሁለት ሾክና የአካባቢውን ጋዝ እየለየሽ ባለሽበት ሰዓት ሦስተኛ ያልታወቀ ነገር ካስገባሽ ሳምፕለሩ የፈለገውን ይነግርሻል፣ የመከራከሪያ አቅምም አይኖርሽም።

ግን አንድ ነገር ልብ በዪ፤ ብዙ ሰው የሚዘለው ነው። ጂኢቪውን ባታስገቢም ኢንቨርስ ኮምፕተን ኤክስሬይሽን ይነካዋል። ኤሌክትሮኖቹ በእሱ በኩልም ኃይል ስለሚያጡ ቶሎ ይቀዘቅዛሉ፣ ኑ-ሲ ወደ ታች ይወርዳል። ኢፕሲሎን-ቢ በጣም ትንሽ ከሆነ፣ የ190114ሲ ሞዴሎች ከ1 ሺህኛ በታች ሊሆን ይችላል እንዳሉት፣ የሚያወርደው በትንሹ አይደለም። ሞዴልሽ «ኑ-ሲ ከኤክስሬዩ በላይ ነው» ሲልሽ ይህንን አስልቶ ነው ወይስ ረስቶት? መፈተን ያለበት ይሄ ነው።


ተጠራጣሪው፦

ደስታችሁን ላጠፋ አልመጣሁም፣ ግን አንድ ሰው መናገር አለበት። ሁላችሁም ትክክለኛዎቹን አራት ቁጥሮች እንደምታገኝ አድርጋችሁ ነው የምትመክሯት። አታገኛቸውም።

ኢሽለርና ዋክስማን በ2005 ያሳዩትን አስታውሱ። ሾኩ ሁሉንም ኤሌክትሮን ያፈጥናል ብለን ነው የምንገምተው። ያፈጠነው አንድ መቶኛውን ብቻ ቢሆንስ? ኃይሉንና እፍጋቱን መቶ እጥፍ አሳድጊ፣ ሁለቱን ኢፕሲሎኖች መቶ እጥፍ ቀንሺ፣ አፍተርግሎው ላይ የምታዪው ብርሃን ያው ነው። ነጥብ በነጥብ። በማንኛውም የሞገድ ርዝመት ብትጨምሪ አይለይም። ስለዚህ «እፍጋቱ ይህን ያህል ነው» የሚለው ዓረፍተ ነገር «ሁሉም ኤሌክትሮን ከፈጠነ» የሚል ካልተጨመረበት ውሃ አያነሳም። አፍተርግሎውፓይ ላይ ኤክሳይ-ኤን የሚል፣ የፈጠኑትን ኤሌክትሮኖች ድርሻ የሚይዝ ፓራሜትር አለ፣ ሰው ሁሉ 1 አድርጎ ይቆልፈውና ይረሳዋል።

ሌላ ደግሞ። «ብዙ የሞገድ ርዝመት» ሲባል ብዙ መረጃ የሚመስላችሁ አላችሁ። ጂአርቢ 170817ኤን ውሰዱ። በስበት ሞገድ የተሰማው፣ ሁለት ኒውትሮን ኮከቦች የተጋጩበት፣ የጋማው ብልጭታ ከ1.7 ሰከንድ በኋላ የመጣው። ኤክስሬዩ ከ9 ቀን በኋላ ታየ፣ ሬዲዮው ከ16 ቀን በኋላ፣ ከዚያ ሁለቱም ለአምስት ወር ያህል እየደመቁ ሄደው ወረዱ። ስፔክትረሙ ከሬዲዮ እስከ ኤክስሬይ፣ ከ100 ሚሊዮን እጥፍ በላይ በሆነ የፍሪኩዌንሲ ስፋት፣ አንዲት ቀጥ ያለች መስመር ናት፣ ስሎፕ 0.58። እጅግ ያምራል። ፒን እስከ ሁለተኛው ዴሲማል ታውቂያለሽ፣ 2.17። ግን ምንም ማጠፊያ ስለሌለ እፍጋቱና ኢፕሲሎን-ቢ እንደተጣበቁ ቀሩ። የጄቱንና የተመልካቹን አንግል እንኳ ለመለየት ሬዲዮ ቴሌስኮፖችን አህጉር ከአህጉር አገናኝቶ ምንጩ ሰማይ ላይ ሲንቀሳቀስ መለካት አስፈለገ። ያ እንቅስቃሴ ነው ነገሩን የፈታው፤ ተጨማሪ ፍሪኩዌንሲ ምንም አልጨመረም።

ስለዚህ እህቴ፣ ሦስት ሾክና ዐሥራ ምናምን ፓራሜትር አስገብተሽ ሁሉንም ነጥብ ብታስገጥሚ እንኳ የገጠመው ሁሉ እውነት አይደለም።


የጥንት_ተማሪ፦

ተጠራጣሪው ያልከው ትክክል ነው፣ የደረስክበት ግን አይደለም። ቁጥሮቹ በአንድ ኮፊሸንት ይንሸራተታሉ ማለት ሞዴሎቹን መለየት አይቻልም ማለት አይደለም። ነፋስ ነው ወይስ እኩል ጋዝ የሚለው በኤክሳይ-ኤን አይለወጥም፣ ምክንያቱም የሚታወቀው ከስሎፖቹና ማጠፊያዎቹ ወዴት እንደሚሄዱ ነው። ኑ-ሲ በእኩል ጋዝ ውስጥ በጊዜ ይወርዳል፣ በነፋስ ውስጥ ይወጣል። ይህንን ማየት ትችላለች። ደግሞ 130427ኤ 170817ኤ አይደለም፤ እዚህ ሬዲዮው ማጠፊያዎች አሉት።

በሬዲዮውም ብቻዋን አይደለችም። ጂአርቢ 221009ኤ ብዙ የተጠና ነው፤ ኦክቶበር 2022 የመጣው፣ የፌርሚን መቁጠሪያ ያጨናነቀው፣ ላሶ የተባለው መሣሪያ ከ64 ሺህ በላይ የቴራ ፎቶን የሰበሰበበት። ከቴራው የወጣው ጄት ግማሽ አንግሉ 0.8 ዲግሪ ገደማ የሆነ ቀጭን ነው። ያንን ቀጭን ጄት ይዘሽ ወደ ኋለኛው ኤክስሬይና ሬዲዮ ስትሄጂ አይገጥምም። ጠርዙ ቀስ እያለ የሚሳሳ ጄት ማምጣት ግድ ሆነ፣ ሬዲዮው ያኔም ሙሉ በሙሉ እሺ አላለም። ስለዚህ አማካሪሽ «ለምን አልገጠመም» ካሉሽ የሚያፍር ሰው የለም።

የምመክርሽ ቅደም ተከተል ይሄ ነው። አንድ ጊዜ ምረጪ፣ 1.2 ቀን ጥሩ ነው ናስታር ስላለ። በዚያ ሰዓት ያለውን ሬዲዮ፣ ኦፕቲካል፣ ኤክስሬይ አንድ ግራፍ ላይ አስቀምጪና መስመሮቹን በእጅሽ ሥሪ። ከኦፕቲካል ወደ ኤክስሬይ ያለው መስመር 0.8 ሆኖ ያልፋል? ወደ ሬዲዮ ስታስረዝሚው ከነጥቦቹ በላይ ነው የሚሄደው፤ የት ላይ መታጠፍ እንዳለበት አዪ። ያ ኑ-ኤም ነው። ከዚያ በ4.8 ቀን ድገሚው። ሬዲዮው ላይ የተረፈ ብርሃን ካለ፣ ካለውም በሁለተኛው ቀን ከቀነሰ፣ ሪቨርስ ሾክሽን አገኘሽ። ሳምፕለሩን ከዚህ በኋላ ክፈቺው።


ኮከብ_ቆጣሪዋ፦

የ1.2 ቀኑን ሠራሁት። ኦፕቲካልና ኤክስሬዩ በአንድ መስመር ያልፋሉ። ሬዲዮው ግን መስመሩን አጥፌ ባወርደውም ከፎርዋርዱ በላይ ይተርፋል፣ በተለይ ዝቅተኛው ፍሪኩዌንሲ ላይ። በ4.8 ቀን ትርፉ ቀንሷል። ሪቨርሱን በፓወር ሎው ልጽፈው ጀምሬያለሁ።

አንድ የቀረኝ ነገር፦ ከሳምንት ገደማ ወዲህ ኦፕቲካሉ ከሞዴሉ በላይ ጠፍጠፍ እያለ ይሄዳል። ኤክስሬዩ ላይ ይሄ የለም። ይህም ሌላ ሾክ ነው?


ሌሊት_ፈረቃ፦

አይ፣ እሱ ሱፐርኖቫው ነው። ኤስኤን 2013ሲኪው ይባላል፣ ያው ኮከብ ሲሞት የተወው። ኤክስሬዩ ላይ የማይታየው ለዚህ ነው፣ የሱፐርኖቫ ብርሃን ኦፕቲካል ላይ ነው የሚጎላው። በዚያ ላይ የጋላክሲው ብርሃን አለ፣ እሱ አይደበዝዝም።

ወይ ከሳምንት በኋላ ያለውን ኦፕቲካል ከመግጠሚያው አውጪው፣ ወይ የሌላ ሱፐርኖቫን፣ የኤስኤን 1998ቢደብልዩን ላይት ከርቭ (ብርሃኑ በጊዜ የሚለወጥበትን መስመር) በሬድሺፍቱ አስተካክለሽ እንደ ተጨማሪ አካል አስገቢው፣ ለጋላክሲውም ቋሚ ቁጥር ጨምሪ። ለማስተርስ ከሆነ አውጪው። ሰማያዊውን ፊልተርና ቀዩን ግን ለየብቻ አዪ፣ ሱፐርኖቫው ሰማያዊው ላይ ደከም ስለሚል እሱን ትንሽ ረዘም አድርገሽ ልታቆዪው ትችያለሽ።